አድራሻዋ የማይታወቀው አክስቴ

አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜዬ ስለ አዲስ አበባ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ሮቤ ውስጥ አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ከተማዋን በእግሬ ረግጫት አላውቅም እንጂ። እውቀቴ በሙሉ የመጣው ከስኳር መጠቅለያ ነው።

ያሳደገችኝ የአባቴ እህት ናት፤ እኛ ቤት እንደ ኦሮምኛው አዳዳ ነው የምንላት። እናቴ በልጅነቴ ሞተች፣ አባቴ ጎሮ አካባቢ እርሻው ላይ ቀረ፣ እኔ ደግሞ ሮቤ አዳዳ ዘንድ መጣሁ። ወደ ጎባ በሚወስደው አስፋልት ዳር ሱቅ ነበራት፤ ከሱቁ ጀርባ መኖሪያችን። ስኳር፣ ሩዝ፣ ምስር፣ ሻይ ቅጠል፣ የልብስ ሳሙና እንሸጣለን። ትምህርቱን በቁቤ እስከ ስምንተኛ ክፍል ሄድኩበት፤ ከዚያ እኔ ተውኩት ወይስ እሱ ተወኝ በሚለው ላይ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። የአማርኛ ፊደል ትምህርት ቤት ቢያስቆጥሩኝም ማንበብ የለመድኩት ሱቁ ውስጥ ነው። አዳዳ ጎባ ካሉ መስሪያ ቤቶች የተነበበ ጋዜጣ በኪሎ ታስመጣ ነበር። የተነበበ የምለው በጨዋነት ነው፤ የአብዛኛው እጥፋት እንኳ አልተፈታም።

ጋዜጣውን እየቀደድኩ ለስኳር ጥቅልል እሠራለሁ፤ ከመጠቅለሌ በፊት አነባለሁ። የፊቱን ገፅ ብዙም አልወደድኩትም። እዚያ ሁልጊዜ አንድ ሰው ሪባን ይቆርጣል፣ ሌሎች ያጨበጭባሉ። ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ምን እንደሆነ የሚናገር ጋዜጣ ግን አንድም ቀን ስኳር ጠቅልዬበት አላውቅም። ኑሮው ያለው ከኋላ፣ ማስታወቂያው ላይ ነው።

ከማስታወቂያው እንደተረዳሁት አዲስ አበባ ማለት ሰው ሁሉ የሆነ ነገር የሚጠፋበት ከተማ ነው። የአንዱ የቤት ካርታ ይጠፋል፣ የአንዱ ሊብሬ፣ የሌላው ዲፕሎማ። አንድ ድርጅት ክብ ማህተሙ ጠፍቶበት "ያገኘ ይመልስልን፣ በማህተሙ ለሚፈጸም ማናቸውም ተግባር ኃላፊነት አንወስድም" ብሎ ለሕዝብ አሳወቀ። እኔና አዳዳ ማህተሙን ብናገኘው ምን እንደምናደርግበት አንድ ከሰዓት ሙሉ ተወያየን። "ሳሙናው ላይ እየመታን ኦርጅናል ነው ብለን እንሸጠዋለን" አለች።

የሚከራይ ቤት ሁሉ ደግሞ "ውሃና መብራት የማይጠፋበት፣ ፀጥ ያለ ሰፈር" ውስጥ ነው። ከተማው እንዲህ ከሆነ እዚያው ገፅ ላይ ጀነሬተር የሚሸጠው ለማን እንደሆነ አልገባኝም። ለጽዳት ሠራተኛ የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ፤ እኔ በልጅነቴ መጥረጊያ ስይዝ ልምድ እያጠራቀምኩ መሆኔን የነገረኝ የለም። ሐራጁ ላይ ሞተር የሌለው፣ በር የሌለው፣ ጎማው የወለቀ መኪና "ባለበት ሁኔታ" ይሸጣል። ይቺን "ባለበት ሁኔታ" የምትል ቃል እንዴት እንደወደድኳት! ሰውም እንዲህ ባለበት ሁኔታ ቢቀርብ ስንቱ ጋብቻ ገና ከበር በቀረ ነበር።

ክፋቱ፣ አማርኛዬም ከዚያው ወጣ። ደንበኛ "ስኳር አለ?" ሲለኝ "ከላይ የተጠቀሰው ዕቃ ባለበት ሁኔታ ይገኛል" እል ነበር። የሚኒባስ ሾፌሮች እኔን ለማናገር ብቻ ሲሉ ክብሪት ይገዙ ነበር። አንድ ጊዜ አንድ የጎሮ ከብት ነጋዴ ሽማግሌ ላከብኝ። አዳዳ ወደ ጓዳ ገብታ "ምን ልበላቸው?" አለችኝ።

"መስሪያ ቤቱ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው በያቸው።"

"በከፊል እንዴት ነው የሚሰረዘው?"

"ሰውየውን መልሰን ከብቶቹን እናስቀራለን።"

እየሳቀች ስለተመለሰች ሽማግሌዎቹ ነገሩ የተሳካ መስሏቸው ሁለተኛ ሻይ ጠየቁ።

አሁን ስለ ባሏ ልናገር። ዕድሜው አንቱ ያሰኘዋል፤ ሥራውን ከሰማችሁ በኋላ ግን አንተ ስለው አትቆጡኝም። ከዓመታት በፊት "ለሱቁ ዕቃ ላምጣ" ብሎ አዲስ አበባ ሄደ፤ እስካሁን እያመጣ ነው። እዚያው ሌላ ሚስት አገባ። አዳዳ ይህን ስትሰማ አላለቀሰችም። "በሸሪዓ ይፈቀድለታል" አለች፤ "ግን እኩል ለሚያይ ነው። ይሄ ለአንዷ ራሱን፣ ለአንዷ ሰላምታውን ነው የሰጠው።" ሰላምታውን እንኳ አያጓድልም ነበር፤ ለኢድም ለአረፋም ይደውላል። "ኢድ ሙባረክ፤ ቤቱ እንዴት ነው?" ይላል። ስለ ቤቱ መጠየቁን እኛ ናፍቆት ብለን ተረጎምነው።

እንግዲህ በእኛ አካባቢ ግድግዳ በጭቃ ይመረግና በላዩ ጋዜጣ ይለጠፋል፤ የባሌን ብርድ በወረቀት እንመክታለን ማለት ነው። አረፋ ሲደርስ በጠቆረው ላይ አዲስ ይደረባል። አዲስ ስል ያው አሮጌ ጋዜጣ ነው። ዱቄት በውሃ አፍልተን ሙጫ እንሠራለን፣ እሱን እየቀባን እንለጥፋለን። አዳዳ ለዚህ ሥራ ሕግ አላት። ሱቁ ውስጥ ፎቶ ያለበት ገፅ መለጠፍ ይቻላል፤ እነዚያ ሪባን ቆራጮች ሁሉ እዚያ ሆነው ሳሙናውን ይጠብቃሉ። የምንሰግድበት ክፍል ግን የሰው ፎቶ አይገባም፤ ሰው ፊት አይሰገድም። ከጋዜጣ ውስጥ የሰው ፎቶ የማይገኝበት ገፅ ደግሞ የጨረታውና የፍርድ ቤቱ ነው። በዚህ ምክንያት የእኛ መስገጃ ክፍል ከጣሪያ እስከ ወለል ሐራጅና መጥሪያ ብቻ ነበር። ለአዳዳ ችግር የለውም፣ የአማርኛ ፊደል አታነብም። እኔ ግን ከሩኩዕ ቀና ስል ዓይኔ "ያገለገለ ገልባጭ መኪና" ላይ እያረፈ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ስንት ሶላቴን ከሐራጅ ጋር ቀላቀልኩት።

ያን ዓመት አረፋ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከመስኮቱ በታች ያለችውን ቦታ ለመሙላት አንዱን ገፅ በጎኑ አጋድሜ ለጠፍኩት። ከዙህር ሶላት በኋላ ወገቤን ሲያመኝ እዚያው ፍራሹ ላይ በጎኔ ጋደም አልኩ። በጎን የተለጠፈ ጋዜጣ በጎን ለተጋደመ ሰው ቀጥ ብሎ ይነበባል። ከአዳዳ ስም ጋር ፊት ለፊት ተያየን።

"ለተጠሪ ወይዘሮ" ይልና ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ ይጠራል። እዚህ አልጽፈውም፤ አንዴ ጋዜጣ ላይ መውጣት ይበቃታል። አመልካች ባለቤትዎ፣ ይላል፣ እርስዎ የሚኖሩበት አድራሻ ስለማይታወቅ፣ በሮቤ ከተማ የሚገኘውን የጋራ ቤት ለብቻው መሸጥ እንዲፈቀድለት አመልክቷል፤ ቀርበው መልስዎን ይስጡ፤ ባይቀርቡ ጉዳዩ በሌሉበት ታይቶ ይወሰናል። ጋዜጣው አሮጌ ቢሆንም ቀጠሮው ገና አላለፈም፤ ከአረፋ በኋላ ባለው ሳምንት አዲስ አበባ ነበር።

"አዳዳ!" ብዬ ጮህኩ።

"ምን ሆንሽ? አይጥ ነው?"

"ጠፍተሻል ይላል።"

"ማን?"

"አንቺ። አድራሻሽ አይታወቅም ይላል።"

እጇ እስከ ክርኗ ሙጫ እንደሆነ መጥታ ቆመች። "ማል ጄዳ? ምን ይላል? ደግመሽ አንብቢው።" ደገምኩት። ከዚያ በኦሮምኛ ነገርኳት፤ በሁለት ቋንቋ ብትሰማው አንዱ ይሻላል ብዬ ነው መሰለኝ። አልተሻለም።

"የቱን ቤት ነው የሚሸጠው?"

"ይሄን።"

"ይሄን የቆምኩበትን?"

"አዎ።"

ግድግዳውን ዞር ዞር ብላ አየች። "እንግዲህ የት እንዳለሁ ስላላወቀ የቆምኩበትን ቤት ሊሸጠው ነው። ገዢው ሲመጣ ከዕቃው ጋር ቆጥሮ ይረከበኛል።"

አዳዳ የምታስፈራኝ ስትቆጣ አይደለም፣ ስትቀልድ ነው። ያን ቤት ጭቃውን አቡክታ፣ ጨፈቃውን ተሸክማ የሠራችው እሷ ናት፤ ባሏ የሠራው ቦታውን በስሙ ማስመዝገብ ነው። ሁለቱ ጎሮ ላይ አንድ የእህል ወፍጮ ነበራቸው፣ የእሱንም ገቢ የሚያየው እሱ ብቻ ነው። ቤቱ ከሄደ ሱቁ ይሄዳል። ሱቁ ከሄደ እሷ በስተርጅና የወንድሟ እርሻ ላይ እንግዳ ሆና ትቀራለች፣ እኔም ተከትያት።

ወሬው ሳይመሽ ገበያው ደረሰ። ሰውን ያንገበገበው የቤቱ ነገር ብቻ አልነበረም፤ አድራሻ የላትም መባሉ ነበር። የጎባ ሚኒባስ ረዳቶች "ስኳሯ ጋ ወራጅ አለ?" ብለው የሚጮሁት እኮ በእሷ ሱቅ ነው። ከጎሮ ለገበያ የሚመጣ ገበሬ ጆንያውን፣ ዱላውን፣ አንዳንዴም አማቱን እሷ ዘንድ አስቀምጦ ይሄዳል። በእኛ ሰፈር መንገድ የሚጠይቅ ሰው "የስኳሯን ሱቅ ታውቃለህ?" ተብሎ ነው የሚጀመርለት። ራሷ የሰፈሩ አድራሻ የሆነች ሴት አድራሻዋ አይታወቅም ተባለች።

አንዲት ጎመን ሻጭ መጥታ "እስቲ የእኔንም እዪልኝ፤ ባሌ ሻሸመኔ ከሄደ ቆየ" አለችኝ። ከዚያማ ሴቱ ሁሉ በየተራ እየገባ ግድግዳው ላይ ስሜን ፈልጊልኝ ይለኝ ጀመር። "የለሽም" ስላቸው ግማሾቹ አልሃምዱሊላህ ይላሉ፤ ግማሾቹ ቅር ይላቸዋል። አንዷማ "ጨርሶ አልፈለገኝም ማለት ነው?" ብላ አኩርፋ ሄደች።

የባሏ ታላቅ ወንድም የአረፋን ምሳ እንደ ልማዳቸው እኛ ቤት በሉ፤ በማግስቱ ተመልሰው መጡ። መካ ደርሰው የተመለሱ ስለሆኑ ሁላችንም ሐጂ ነው የምንላቸው። ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ግድግዳ ሊያነቡ ነው የመጡት። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ ገፁ በጎኑ ስለሆነ ሦስቱም አንገታቸውን ወደ ቀኝ አጋደሉ። የአንደኛው ሽማግሌ ጥምጥም ትከሻቸው ላይ ወረደ።

"ለምን አትገነጥሉትም?" አሉ ሐጂ።

"ሙጫዬ ጠንካራ ነው" አልኩ። ሞክሬው ነበር፤ ቀጠሮው ያለበት ጥግ ሊቀደድ ሲል ተውኩት። በስልኬ ፎቶ አንስቼዋለሁ፤ ሐጂ ግን በስልክ የታየ ነገር አያምኑም፣ ግድግዳ ያምናሉ።

አንብበው ሲጨርሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ወንድሜ ተሳስቶ ይሆናል።"

"የቱን ተሳሳተ ሐጂ?" አለች አዳዳ። "ስሜን አስተካክሎ ነው የጻፈው። የአያቴን ስም እንኳ አልሳተም።"

"ደውዬ እመክረዋለሁ። አንቺ ፍርድ ቤት የሚባል ነገር አትሂጂ። የቤት ነገር የሚያልቀው በቤት ነው።"

"ቤቱ ከተሸጠ በማን ቤት? በእርስዎ?"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ሐጂ አልሳቁም። "ሴት ባሏን ከሰሰች መባሉ ለአንቺም ጥሩ አይደለም።"

"እሱ እኮ ነው የከሰሰኝ!"

"አልከሰሰሽም። ጠፋች ነው ያለው።"

"ታዲያ ሄጄ ተገኘሁ ልበለዋ! የጠፋች ሚስቱ ስትገኝ የሚያዝን ባል አለ?"

ሐጂ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። የደወሉላቸው ደንበኛ ለጊዜው ሊያገኟቸው አይችሉም፣ አለች ሴትዮዋ። ደገሙ። እሷም ሳትሰለች ደገመችላቸው።

"ይኸው" አለች አዳዳ፤ "አሁን ማን ነው የጠፋው? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። የእኔ ባለቤት ግን አጥሩን ከነቤቱ ነው የነቀነቀው።"

ሐጂ ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ። በመጨረሻ "እኔም አብሬ እሄዳለሁ" አሉ። "ላስታርቃችሁ።"

"ይምጡ። ኢንሻአላህ መስኮት አጠገብ አስቀምጥዎታለሁ።"

ፍርድ ቤት መታወቂያ ይጠይቃል ስላሉን ቀበሌ ሄድን፤ የአዳዳ መታወቂያ ጊዜው አልፎ ነበር። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ሠራተኛ በየሐሙሱ ከእኛ ሱቅ ስኳር የሚወስድ ወጣት ነው።

"የሮቤ ነዋሪ መሆኔን የሚገልፅ ደብዳቤ ጻፍልኝ" አለችው።

"ነዋሪ ስለመሆንዎ ማስረጃ አለዎት?"

"ይኸው መታወቂያዬ። እናንተው ናችሁ የሰጣችሁኝ።"

"ጊዜው አልፏል።"

"ያለፈው መታወቂያው ነው። እኔ አለሁ።"

"እሱማ ልክ ነው። ግን የቤቱ ባለቤት ቀርቦ እዚህ እንደሚኖሩ ቢያረጋግጥልን ጥሩ ነው።"

"የቤቱ ባለቤት እኮ የት እንዳለሁ አያውቅም! ለዚህ ነው የመጣሁት!"

"አደ፣ እኔ በግሌ አውቅዎታለሁ" አለ ልጁ በኦሮምኛው ወይዘሮ ብሎ አክብሯት፣ ላብ ላብ እያለው። "መስሪያ ቤቱ ግን አያውቅዎትም።"

አዳዳ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ቶሌ። እሺ። እንግዲያው ሱቄም አይታወቅም ማለት ነው። ሐሙስ ስኳር ስትፈልግ መስሪያ ቤትህን ጠይቀው፤ የት እንደሚሸጥ ይጠቁምህ።"

ያን ሰሞን ስኳር ከሮቤ ጠፍቶ እኛ ጋ ብቻ ነበር። ደብዳቤው ወዲያው ተጻፈ። ማህተሙ ስብሰባ ሄዷል አሉን፤ ማህተም ስብሰባ እንደሚሄድ ያን ቀን አወቅኩ። ከሰዓት ሲመለስ ተመታልን፤ ስብሰባው አድክሞት ነው መሰለኝ ግማሹ አልወጣም።

ሱብሒ ሰግደን አውቶቡስ ተሳፈርን። ዲንሾ ላይ ጭጋጉ መንገዱን ውጦት ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነበር የሚያሳልፈን። ሐጂ እንደተባለው መስኮት አጠገብ ተቀምጠው እስከ ዶዶላ እርቅ ሰበኩ፤ ከዶዶላ በኋላ ተኙ። አዳዳ መንገዱን በሙሉ የጎኗን ኪስ እየዳሰሰች ደብዳቤው መኖሩን ታረጋግጣለች፣ ከዚያ እጇን ታወጣለች፣ ከዚያ መልሳ ትከታለች።

አዲስ አበባን በዓይኔ አየኋት። ጋዜጣው አልዋሸም፤ ከተማው ከላይ እስከ ታች ማስታወቂያ ነው። የመብራት ምሰሶው፣ የቆርቆሮ አጥሩ፣ የድልድዩ ሥር፣ ሁሉም ያከራያል፣ ይሸጣል፣ ያስጠናል። አንድ ግንብ ላይ በቀይ ቀለም "እዚህ መሽናት በጥብቅ የተከለከለ ነው" ተብሎ ተጽፏል፤ አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ፊቱን ወደ ጽሑፉ አዙሮ ቆሞ በጥሞና ያነበዋል። ከማንበብ ሌላ ምን እያደረገ እንደሆነ የቆመበት መሬት ያስታውቅ ነበር። ሐጂ "አስተግፊሩላህ" ብለው ዞሩ። እኔ ግን ከሱቁ ሆኜ ወደማውቀው አገር የመጣሁ መሰለኝ።

የሐጂ ዘመዶች ቤት አድረን በማግስቱ ፍርድ ቤቱ ኮሪደር ውስጥ ቆመን ሳለ ባሏን አየነው። ጀርባውን ሰጥቶን በሩ አጠገብ ቆሟል። ፀጉሩን ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፤ ሸሚዙ አዲስ ነው። እኔ ልጠራው ስል አዳዳ ክንዴን ያዘችኝ። ስልኳን አወጣችና ደወለች። ኪሱ ውስጥ ጮኸ። የእኛን ቁጥር ሲያይ ትንሽ አመነታና አነሳው።

"አለሁ፤ ደህና ነሽ?"

"አልሃምዱሊላህ። የት ነህ?"

"ሥራ ላይ ነኝ። ቤቱ እንዴት ነው?"

"ቤቱ ደህና ነው። ዞር በል።"

ዞረ። እንዲህ ያለ ፊት በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፤ ሪባን ሊቆርጥ ሄዶ መቀሱን የረሳ ሰው ይመስል ነበር።

"እንዴት መጣሽ?" አላት።

"በአውቶቡስ።"

ሌላ ለመባባል ጊዜ አልነበረም፤ ተጠራን። ስም የሚጠራው ሰውዬ ከወረቀቱ ቀና ሳይል "አመልካች ቀርቧል፣ ተጠሪ አልቀረቡም" አለ። ልማድ ሆኖበት ነው፤ በጋዜጣ የተጠራ ሰው መጥቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

"አለሁ" አለች አዳዳ።

"ማን ነዎት?"

"የጠፋችው።"

ዳኛዋ ወጣት ሴት ነበረች። "መጥሪያው የት ደረሰዎት?" አለቻት።

"ግድግዳዬ ላይ።"

"በርዎ ላይ ነው የተለጠፈው?"

"የለም፣ የምንሰግድበት ክፍል ውስጥ።"

"ማን ገብቶ ለጠፈው?"

"ይቺ ልጄ።"

ዳኛዋ መነፅሯን አውልቃ እኔን አየችኝ። ስለ ሙጫውና ስለ ፎቶው ላስረዳ ስጀምር በእጇ ምልክት ቁጭ በዪ አለችኝ። ወደ አዳዳ ባል ዞረች። "የባለቤትዎን አድራሻ አላውቅም ብለው ምለው ነው ያመለከቱት።"

"ክብርት ዳኛ፣ ቤቱ ያለበትን አውቃለሁ። እሷ ውስጡ ትኑር አትኑር ነው ያላወቅኩት።"

"ለማወቅ ምን አደረጉ?"

ትንሽ አሰበ። "ጋዜጣ ላይ አወጣሁ።"

ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች ሳቁ፤ ዳኛዋ ጠረጴዛውን መታች። ከዚያ ዓይኗ ሐጂ ላይ አረፈ። "እርስዎ ማን ነዎት?"

ሐጂ ብድግ አሉ። ከሮቤ ሲነሱ ለማስታረቅ ያዘጋጁት ንግግር ነበራቸው፤ እስከ ዶዶላ የሰማነው እሱን ነው። "የእሱ ታላቅ ወንድም ነኝ" አሉ።

"ተጠሪዋ የት እንደሚኖሩ ያውቃሉ?"

ሐጂ ወንድማቸውን አዩት። እሱ ደግሞ ጫማውን ያያል። እኔ በዚያች ሰዓት እሳቸው ምን እንደሚሉ በፍጹም አላወቅኩም፤ አዳዳም አላወቀችም፣ እጇ እጄ ላይ ሲጠነክር ተሰማኝ።

"አረፋን የበላሁት እሷ ቤት ነው" አሉ ሐጂ። "በየዓመቱ።"

"አመልካቹስ ይህን ያውቃሉ?"

"የኡድሒያውን፣ የአረፋውን እርድ ሥጋ ለማን ለማን እንዳካፈልን ሁልጊዜ በስልክ እነግረዋለሁ። መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ለእሷ መድረሱን ነው። ይጠይቀኝ ነበር፣ ክብርት ዳኛ። ለዚህ ነው ተሳስቶ ይሆናል ያልኩት።"

ዳኛዋ ብዙ አልቆየችም። አቤቱታው ውድቅ ነው አለች፤ ቤቱ ያለ ሚስትየዋ ፈቃድ አይሸጥም፤ በሐሰት መማልም ራሱን የቻለ ወንጀል መሆኑን ይወቁ ብላ አስጠነቀቀችው። ከሮቤ እዚያ ድረስ ያን ሁሉ መንገድ ሄደን ነገሩ ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልፈጀም።

ኮሪደሩ ላይ ባሏ ተከተለን። "ሰው ነው ያሳሳተኝ" አላት። "ጉዳይ አስፈጻሚው እንዲህ ብትል ይቀላል አለኝ። እንታረቅ። ሐጂም እዚሁ አሉ።"

ሐጂ ወደ ውጭ ወጡ።

"አሁን የት ነው የምትኖረው?" አለችው አዳዳ።

ልቧ የራራ መስሎት ነው መሰለኝ ፊቱ ፈካ። ሰፈሩን ነገራት።

"ወረዳውስ? የቤት ቁጥሩስ?"

እሱንም ነገራት። "ልትመጪ ነው?"

"አይ" አለችው። "ላውቀው ብዬ ነው።" ወደ እኔ ዞራ በኦሮምኛ "ጻፊው" አለችኝ። ስልኬ ላይ ጻፍኩት።

በተመለስን ሳምንት አዳዳ ጎባ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ቃዲው ዘንድ ሄዳ ፍቺ ጠየቀች። ማመልከቻው ላይ የባሏን አድራሻ ከነቤት ቁጥሩ አስጻፈች፤ መጥሪያው በእጁ ደረሰው፣ መጣም። ተፋቱ። ንብረቱን ያካፈሏቸው ሐጂ ናቸው፤ ወፍጮውን ለወንድማቸው፣ ቤቱን ከነሱቁ ለእሷ ሰጡ። አዳዳ ካርታውን በስሟ አስቀየረች። በማግስቱ "አሁን አድራሻ አለኝ፣ ብሄድም አልጠፋም" ብላ ሱቁን ለእኔ ትታ የማር አገር ወደሆነው ደሎ መና አውቶቡስ ተሳፈረች፤ ማር ገዝታ በሦስተኛው ቀን ተመለሰች፣ ከዚያ ወዲህ ማርም እንሸጣለን።